ወለቀ እንጂ አልተሰበረም፦ «ትራንስፎርመር» መጫወቻ ምንድን ነው?

በእኛ ሰፈር «ትራንስፎርመር ተበላሸ» ከተባለ ሰው ቀድሞ የሚፈልገው ሻማ ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ በሬን ደበደበና «ጋሼ፣ ትራንስፎርመሬ ተሰበረ!» አለኝ። እናቱ ከታች ሰምታ «ውይ! ምጣድ ጥጃለሁ እኮ!» ብላ ጮኸች። ልጁ የያዘው ግን አንድ እግሩ የተነጠለ ቢጫ ሮቦት ነው። ታክሲ ተራው ጋ ከሱቅ በደረቴ የተገዛ፤ ገና ሳምንቱ።

አገላብጬ አየሁት። አልተሰበረም፣ ወልቋል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። የዚህ መጫወቻ ዕድሜም የሚወሰነው በዚሁ ልዩነት ነው።

ትራንስፎርመር የምንለው ሳይፈታታ፣ በማጠፍና በማዞር ብቻ ከሮቦት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሮቦት የሚለወጠውን መጫወቻ ነው። ስሙ የንግድ ስም ነው፤ የአሜሪካው ሃስብሮ እ.ኤ.አ. በ1984 ገበያ ላይ ያወጣው። እኛ ግን ዱቄት ሳሙናን ሁሉ ኦሞ እንደምንለው፣ የሚታጠፍ ሮቦት ሁሉ ትራንስፎርመር ሆኗል። ሃስብሮም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን አብዛኞቹን ራሱ አልፈጠራቸውም። ታካራ የሚባል የጃፓን ኩባንያ «ዳያክሎን» እና «ማይክሮ ቼንጅ» እያለ ይሸጣቸው ነበር። ሃስብሮ አዲስ ስምና አዲስ ታሪክ ሰጣቸው። ከእነዚህ ሮቦቶች አንዱ፣ ቢጫው ባምብልቢ፣ መጀመሪያ ምን መኪና እንደነበር ታውቃላችሁ? ቮልስ! ያቺው የምናውቃት ጎባጣዋ ቮልስ። ካማሮ የሚባለውን የስፖርት መኪና ያደረገው እ.ኤ.አ. የ2007ቱ «ትራንስፎርመርስ» ፊልም ነው። እኔ በበኩሌ አልወደድኩለትም።

ዲዛይኑን የሚያከብደው አንድ ሕግ ነው፦ ምንም አይጨመርም፣ ምንም አይጣልም። ሮቦቱ ሲቆም የመኪናው ኮፈን የሆነ ቦታ መግባት አለበት። መኪና ሲሆን ደግሞ የሮቦቱ ጭንቅላት መደበቅ አለበት። ስለዚህ ኮፈኑ ደረት ይሆናል። በሮቹ ትከሻው ላይ እንደ ክንፍ ይቆማሉ። ጎማው ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። በ1984ቱ ኦፕቲመስ ፕራይም፣ በሮቦቶቹ መሪ፣ ላይ ግን ለመዳፎቹ መደበቂያ ያጡ ይመስለኛል፤ ተነቃይ አድርገዋቸው አረፉ። ስንቱ ልጅ ሶፋ ሥር እንደጣላቸው አስቡት።

ኮንዶሚኒየም ገብቶ ተጣጣፊ አልጋ የገዛ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ቀን ሶፋ፣ ማታ አልጋ። ቀድሞ የሚበላሸው ፍራሹ አይደለም፣ ማጠፊያው ነው። ልጅ ሆነን በሽቦና በቆርኪ የምንሠራት መኪና የሚንቀሳቀስ ነገሯ ጎማዋ ብቻ ስለነበር ክረምትም በጋም ችላ ትከርማለች። ሮቦቱ ግን ከአናቱ እስከ እግሩ ማጠፊያ ነው። በዚያ ላይ እውነተኛ መኪና ይምሰል በተባለ ቁጥር ማጠፊያው ይበዛል፣ ፕላስቲኩ ይሳሳል። ያኔ መደርደሪያ ላይ ያምራል፣ ልጅ እጅ ላይ ግን አይበረክትም። ለትንሽ ልጅ ወፈር ያለው፣ ሦስት አራት ቦታ ብቻ የሚታጠፈው ይሻላል። መኪናነቱ ብዙም ባይዋጣለትም ግድ የለም።

መገጣጠሚያውም ዓይነት አለው። አንዱ በቀጭን የብረት ዘንግ የተያዘው ነው። እንደ በር ማጠፊያ ወዲያና ወዲህ ብቻ ይላል። ሌላው ጥርስ ያለው ነው፤ ውስጡ ሞላ ስላለ ስታዞሩት ቀጭ ቀጭ ይላል። ከባድ ክንድ ተዘርግቶ ሳይወርድ የሚቆመው በእሱ ነው። የምወደው ግን ኳሱን ነው። ክብ የፕላስቲክ ኳስ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ይሰካል፣ ልክ እንደ ዳሌያችን አጥንት። መካኒኮች «ቦል ጆይንት» የሚሉት የመኪና ዕቃ አሠራሩ ይኸው ነው። እነዚህ መጫወቻዎች ውስጥ በብዛት የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 አካባቢ፣ ወደ እንስሳ የሚለወጡት ሮቦቶች ሲመጡ ነው።

የኳሱ ጥቅም በየአቅጣጫው መዞሩ ብቻ አይደለም። ልጁ ከልክ በላይ ሲጎትተው ጎድጓዳው ትንሽ ይከፈትና ኳሱ ሾልኮ ይወጣል። መልሳችሁ ስትጫኑት ቀጭ ብሎ ይገባል። ከሚሰበር ይውለቅ የተባለ ነው። በብረት ዘንግ የተያዘው እንዲህ ዓይነት ማምለጫ የለውም። ዘንጉ ብረት ነው፣ አይጎዳም። ጉልበቱን ሁሉ የሚችለው ቀዳዳው ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ የሚሰነጠቀውም እሱ ነው። ኳሱ ደግሞ በተራው ሲፋቅ ይላላል። እግሩ ይልፈሰፈስና ሮቦቱ መቆም ያቅተዋል።

የብዙዎቹ አካል ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። የሌጎ ጡቦችም ከእሱ ነው የሚሠሩት። ጠንካራ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲታጠፍ ግን ነጭ መስመር ያወጣል። ያን መስመር ማጠፊያ አጠገብ ካያችሁ ስንጥቁ እየመጣ ነው። ፀሐይም አይስማማውም። ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ የከፍታ ፀሐይ ጨረሩ ያይላል። በረንዳ ላይ የከረመ መጫወቻ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፣ ከዚያም እንደ ደረቅ ብስኩት ይሆናል።

ልጆቹን ብቻ አትውቀሱ። የዚህ ልጅ የቀድሞው ሮቦት የተሰበረው በእኔ እጅ ነው። አስተጣጠፉ ቅደም ተከተል አለው፣ መመሪያው ወረቀት ደግሞ ከካርቶኑ ጋር ተጥሏል። ክንዱ ሳይገባ ኮፈኑን ልዝጋ ብዬ ገፋሁት። እንቢ ሲለኝ ባሰብኝ፣ ጨምሬ ገፋሁት። ቀሽ! ሱፐር ግሉ አፈሰስኩበት። ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ሌላውንም አደረቀው። ክንዱ እስከ መጨረሻው እንደ ትራፊክ ፖሊስ እንደተዘረጋ ቀረ። እንቢ ካለ ሌላ ነገር እየከለከለው ነው፤ ወደ ኋላ መልሳችሁ ፈልጉት።

ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት አንዴ አጥፋችሁ ዘርጉት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር። ትከሻውንና ዳሌውን ያዝ አድርጉ፣ ነጭ መስመር ፈልጉ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ የሚወልቀውን ሁሉ ተጠንቀቁ። በመጫወቻ ደኅንነት መለኪያ የሕፃን ጉሮሮን የሚወክል ባዶ ሲሊንደር አለ፤ የአፉ ስፋት 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። የለስላሳ ቆርኪ ያህል ማለት ነው። ሳይጫን እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ዕቃ ለሕፃን አይሰጥም።

የቅዳሜው ሮቦት እግር በአንድ ግፊት ገባ። ግን ኳሱ ላልቶ ነበር። መድኃኒቱ ኳሱን በስሱ ጥፍር ቀለም መቀባትና ሌሊቱን ሙሉ ለብቻው ማድረቅ ነው፤ ያወፍረዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን አሴቶን ግን እንዳታስጠጉት፣ ኤቢኤስን ያሟሟል። ቀለም የሌለው ይሻል ነበር፤ እናቱ ዘንድ የተገኘው ግን ቀይ ብቻ ነው። እሁድ ጠዋት ሮቦቱ ቆመ። እግሩ ሲነሳ ዳሌው ቀይ ነው፣ ልጁ ደግሞ «ሞተሩ ነው» እያለ ለጓደኞቹ ያሳያል።