ጂን ዝም ሲሰኝ የሚጠፋው ምንድን ነው?

ጂን ዝም ተሰኘ ሲባል ብዙ ሰው ጂኑ ተቆርጦ የወጣ ይመስለዋል። አይደለም። ጂኑ እዚያው ዲኤንኤው ላይ አለ። የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከጂኑ ተገልብጦ የሚወጣው መልእክት፣ አርኤንኤው ነው። መልእክቱ ከተቆራረጠ ፕሮቲን አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት ይህን አበባ ላይ አሳይቷል። የፔቱኒያን ሐምራዊ ቀለም ለማድመቅ ተጨማሪ የቀለም ጂን ገባ። አንዳንዶቹ አበቦች ጭራሽ ነጭ ሆኑ! የገባውም፣ የተክሉ የራሱም ጂን አብረው ዝም አሉ።

ተክሉ ግን ይህን ዘዴ የያዘው ለቁም ነገር፣ ቫይረስን ለመከላከል ነው። አብዛኞቹ የዕፅዋት ቫይረሶች ዘረመላቸው ዲኤንኤ ሳይሆን አርኤንኤ ነው። ሲባዙ ድርብ አርኤንኤ፣ ማለትም ሁለት የአርኤንኤ ክሮች የተጣመሩበት፣ ይፈጠራል። ዳይሰር የሚባል ኢንዛይም ይህን ያገኝና ከ21 እስከ 24 የአርኤንኤ ፊደል (የክሩ ጥቃቅን አሃዶች) ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል። አርጎኖት የተባለ ፕሮቲን አንዱን ቁራጭ እንደ ተፈላጊ ሰው ፎቶ ይይዝና፣ ከእሱ ጋር የሚገጥመውን የቫይረስ አርኤንኤ እያደነ ይቆርጣል። እኔን በጣም የሚደንቀኝ ይህን መከላከያ የሚቀሰቅሰው ምልክት ከቅጠል ቅጠል መሻገሩ ነው። ቫይረሱ ገና ያልደረሰበት ቅጠል ቀድሞ ይዘጋጃል።

ቫይረሱም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ቲማቲምን የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ ፒ19 የተባለ ፕሮቲን አለው። ቁርጥራጮቹን አርጎኖት ጋ ሳይደርሱ አፈፍ ያደርጋቸዋል።