ሹንያታ ምንድን ነው? ቡድሂስቶች «ሁሉ ባዶ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ከቡድሂዝም ቃላት ውስጥ «ሹንያታ»ን ያህል በተሳሳተ መንገድ የሚረዱት ያለ አይመስለኝም። ቃሉ የሳንስክሪት ነው፤ «ባዶነት» ተብሎ ይተረጎማል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። እኛ ባዶ ስንል የሚታየን ባዶ ኪስ፣ ባዶ ሆድ፣ ሰው የሌለበት ቤት ነው። ስለዚህ «ሁሉ ባዶ ነው» የሚል ትምህርት ስንሰማ «ምንም ነገር የለም፣ ሁሉም ከንቱ ነው» የተባለ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም።

እስቲ እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ ባዶ ከሆነ፣ የጎደለው ምንድን ነው? ቡድሂስቶች የሚመልሱት ይህን ነው፦ ለብቻው የሚቆም፣ በምንም ላይ ያልተደገፈ፣ የማይለወጥ ማንነት።

ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ የቆየ ንግግር አለ። ሚሊንዳ የግሪክ ዘር ያለው ንጉሥ ነበር፤ ታሪክ ሜናንደር ብሎ ያውቀዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ፓኪስታን ባለችበት አካባቢ ነገሠ። ናጋሴና የሚባል መነኩሴ ዘንድ ሄዶ ስሙን ጠየቀው። መነኩሴው «ናጋሴና ይሉኛል፤ ግን ስም ብቻ ነው፤ እዚህ ውስጥ ናጋሴና የሚባል ሰው አይገኝም» አለው። ንጉሡ ተገረመ። ታዲያ ይህን ልብስ የለበሰው ማን ነው? ጸጉሩ ነው ናጋሴና? ጥርሱ? ቆዳው?

መነኩሴው ጥያቄውን መልሶ ወደ ንጉሡ አዞረው። «በእግርዎ ነው የመጡት?»
«አይ፣ በሰረገላ ነው።»
«መንኮራኩሩ ነው ሰረገላው? ቀንበሩ? ልጓሙ?»
«አይደለም።»
«ከእነዚህ ውጭ የሆነ ሰረገላስ አለ?»
«እሱም የለም።»

ታዲያ ሰረገላው የት አለ? ንጉሡ ራሱ መልሱን አገኘው፦ «ሰረገላ» እነዚህ ነገሮች ሲገጣጠሙ የምንሰጠው ስም ነው። መነኩሴውም «እኔም እንደዚያው ነኝ» አለው። ልብ በሉ፣ ሰረገላው ንጉሡን ተሸክሞ አምጥቶታል። የለም ያለ ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው እና በ3ኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ ናጋርጁና የሚባል የሕንድ ፈላስፋ ሐሳቡን ወደ ሁሉም ነገር አሰፋው። እኔን በጣም የሚማርከኝ የእሱ ክርክር ነው። ዘር የማይለወጥ ማንነት ቢኖረው ኖሮ እንዴት ይበቅላል? ባዶ ስለሆነ ነው የሚበቅለው። ሊጥ የሚቦካው በእርሾ ነው፤ እርሾውም ከቀደመው ሊጥ የተረፈ ነው። ለብቻዬ ነኝ የሚል እንጀራ የለም። ናጋርጁና ግን አስጠንቅቋል፦ ባዶነትን በስህተት መረዳት እባብን አላግባብ እንደመያዝ ነው፤ የያዘውን ይነድፋል።

«ሹንያ» በሕንድ የዜሮም ስም ነው። ዓረቦች «ሲፍር» ብለው ወሰዱት፤ በጣሊያን በኩል ዞሮ «ዜሮ» ሆኖ ደረሰን። የግዕዝ ቁጥሮች ዜሮ የላቸውም። በሕንዶቹ አጻጻፍ ግን ይህች ባዶ ምልክት ከ1 ጎን ስትቀመጥ 10 ታደርገዋለች።

ትምህርቱ ቻይና ሲደርስ ስለ ዓለም አሠራር መናገሪያ ሆነ። ፋዛንግ (643–712 እ.ኤ.አ.) የሚባል መነኩሴ ለንግሥት ዉ ዜቲያን ይህን ሊያስረዳት ፈልጎ አንድ ክፍል አዘጋጀ ይባላል። አሥር መስታወት፤ ስምንቱ በዙሪያ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። መሐል ላይ የቡድሃ ሐውልትና መብራት። መብራቱ ሲበራ እያንዳንዱ መስታወት ሐውልቱን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹን መስታወቶች ምስል፣ በዚያም ውስጥ የራሱን ምስል አሳየ። አንዱ ውስጥ ሁሉም፣ ሁሉም ውስጥ አንዱ።

ይህ ከአእምሮ ጋር ምን ያገናኘዋል? ቁጭ ብሎ የሚያሰላስል ሰው ንዴቱን እንደ ሰረገላው ይፈታታዋል። ደረት ላይ ሙቀት አለ። የልብ ምት አለ። ትናንት የሰማው አንድ ቃል አለ። «የተናደድኩት እኔ» የሚለውን ግን ሲፈልገው አያገኘውም። ያኔ እጁ ይላላል፤ የሚይዘው የለምና። ቡድሃ ማለት «የነቃ» ማለት ነው፤ መንቃት የሚሉትም ይህ ዓይነቱ መላላት ሥር ሲሰድ ነው።

ደግሞም ናጋርጁና ባዶነትን ራሱን አልማረውም። እሱም በሌላው ላይ የተደገፈ ስም ነው፤ ባዶ ነው።