በውሃ ፍሰት የሚነሳ ታይመር፦ አገጣጠሙና የጊዜው አሞላል በአዲስ አበባ ዳርቻ

በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኙ እንደ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና የካ አባዶ ባሉ ሰፈሮች የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት የሚለቀቅ በመሆኑ፣ ነዋሪው ውሃውን ምድር ላይ ባስቀመጠው በርሜል ወይም ሮቶ ተቀብሎ በፓምፕ ወደ ላይኛው ታንከር ይገፋዋል። በፍሰት የሚነሳ ታይመር ይህን ሥራ ማንም ከእንቅልፉ ሳይነሳ የሚያከናውን መሣሪያ ነው። በመግቢያው ቧንቧ ላይ የተገጠመው የፍሰት መለኪያ ውሃ መምጣቱን ያስታውቃል፤ ታይመሩም የተሞላለትን ጊዜ ቆጥሮ ፓምፑን ያስነሳል፣ ቆጥሮም ያጠፋዋል።

የተለመደው በሰዓት የሚሠራው ታይመር ለዚህ አይመችም። ፈረቃው በተቀየረ ቁጥር ፓምፑን ባዶ በርሜል ላይ ያስነሳዋል፤ ባትሪ የሌለው ዓይነት ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደኋላ ይቀራል። መደወያው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጥር ስለሆነም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለሚመጣ ውሃ የሚሞላው 2 ሰዓት ላይ ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው በ6 ሰዓት ይስታል።

መለኪያው የሚገጠመው ከውሃ አገልግሎቱ ቆጣሪ በኋላ፣ በደንበኛው መስመር ላይ ነው። በአካሉ ላይ ያለው ቀስት የውሃውን አቅጣጫ መከተል አለበት፤ ከመለኪያው በፊት የቧንቧውን ውስጣዊ ስፋት 10 እጥፍ፣ ከመለኪያው በኋላ ደግሞ 5 እጥፍ የሚሆን ጎሚቶም (መታጠፊያም) ቫልቭም የሌለበት ቀጥ ያለ ቧንቧ ሲተው ንባቡ ይስተካከላል። ለግማሽ ኢንች ቧንቧ የፊተኛው ርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፓምፑ ምንጊዜም መሳብ ያለበት ከበርሜሉ ነው። በቀጥታ ከመስመሩ የሚስብ ፓምፕ የጎረቤትን ውሃ ከመሻማቱም በላይ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል ቆሻሻ ወደ መስመሩ እንዲገባ ያደርጋልና ይህ በምንም ምክንያት ሊደረግ አይገባም።

አብዛኛውን ጊዜ መለኪያው ምልክት የሚሰጠው በማግኔት በሚዘጋ ቀጭን ማገናኛ ነው። ይህ ማገናኛ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ብቻ የሚችል ስለሆነ ወደ ታይመሩ የምልክት መቀበያ ይገባል እንጂ የፓምፕ ኤሌክትሪክ አይተላለፍበትም። አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 220 ቮልት ፓምፕ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ይስባል። ስለዚህ የታይመሩ 15 እና 18 ቁጥር ማገናኛዎች የኮንታክተሩን፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ እየታዘዘ ትልቁን የሚያገናኝና የሚያቋርጠውን ማብሪያ፣ መጠምጠሚያ ብቻ ያዛሉ፤ ፓምፑን የሚሸከመው ኮንታክተሩ ሲሆን፣ ከፊቱ ብሬከር፣ ከኋላው ከመጠን ያለፈ ጭነትን የሚቆርጥ ሪሌይ ይኖራል፤ የፓምፑ አካልም ከኧርዝ ጋር ይታሰራል። የተለመዱ ሞተሮች አቅም እስከ 1,000 ሜትር፣ የኮንታክተሮች ደግሞ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ የተጻፈ ነው። የአዲስ አበባ ዳርቻ ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑና ስስ አየር ሙቀትን በሚገባ ስለማይወስድ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ዕቃ መግዛት ይበጃል።

ዋናው ሥራ ግን የጊዜው አሞላል ነው፤ ጥሩ ዕቃ ተገዝቶ ፓምፕ የሚቃጠለውም እዚህ ላይ በሚፈጠር ስህተት ነው። ሁለት ታይመር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እያንዳንዱ ምልክት በደረሰው ቁጥር ቆጠራውን እንደገና የሚጀምር፣ ምልክት ሲቋረጥ ቆይቶ የሚለቅ ዓይነት ነው። መለኪያው በየ10 ሊትሩ አንድ ምልክት የሚሰጥ፣ የሚገባውም ውሃ በደቂቃ 10 ሊትር ከሆነ ምልክቱ በየደቂቃው ስለሚመጣ ይህ ታይመር 3 ደቂቃ ይሞላል፤ ከደቂቃ ያነሰ ቢሞላ ውሃው እየመጣም ፍሰቱ የቆመ ይመስለዋል። ሁለተኛው መቆያው (ፓምፑ ሳይነሳ የሚጠበቅበት ጊዜ) እና መሥሪያው (ፓምፑ የሚሠራበት ጊዜ) ለየብቻ የሚሞላ፣ ከመቆያው የሚጀምር ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በመጀመሪያው በኩል ስለሆነ የመጀመሪያው ሲለቅ እሱም ይቆማል።

ልኩን ለማግኘት ውሃው በሚመጣበት ሌሊት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከመግቢያው ሥር አስቀምጦ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ማየት ይበቃል። ጀሪካኑ በ2 ደቂቃ ከሞላ ገቢው በደቂቃ 10 ሊትር ነው። ፓምፑ በደቂቃ 30 ሊትር የሚገፋ ከሆነ፣ 30 ደቂቃ መቆያ በባለ 500 ሊትር በርሜል ውስጥ 300 ሊትር ያከማቻል፤ ከዚያ 12 ደቂቃ መሥራት በርሜሉን በ240 ሊትር ስለሚያጎድለው 60 ሊትር ለጥንቃቄ ይቀራል። መቆያውን አርዝሞ በርሜሉ እስኪሞላ መጠበቅ አዋቂነት ቢመስልም፣ በርሜሉ ሲሞላ ተንሳፋፊው ቫልቭ ውሃውን ይዘጋል፣ ፍሰቱ ይቆማል፣ ቆጠራውም ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ፓምፑ ሳይሠራ ይነጋል። መቆያው ሌላም ጥቅም አለው። ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ አስቀድሞ የሚወጣው በመስመሩ የታጨቀው አየር ስለሆነ መለኪያውን ያለ ውሃ ያሽከረክረዋል፤ ግማሽ ሰዓት የሚጠብቅ ታይመር ግን በዚህ አይታለልም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ቆጠራው ከመቆያው ስለሚጀምር ኃይሉ ገና ሳይረጋ ፓምፑ አይነሳም። ያም ሆኖ በርሜሉ ውስጥ ዝቅተኛውን መጠን የሚጠብቅ ተንሳፋፊ ማጥፊያ መቅረት የለበትም፤ ገቢው ከተለካው በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ፣ ውሃ ያጣ ፓምፕም ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ማኅተሙ በፍጥነት ይበላሻል።

ተከላው የሚፈተነው ፓምፑ እየሠራ የመግቢያውን ቫልቭ በመዝጋት ነው፤ መሥሪያ ጊዜው ባያልቅም ከ3 ደቂቃ በኋላ ፓምፑ በራሱ መቆም አለበት። ካልቆመ የመጀመሪያው ታይመር ምልክት ሲቋረጥ በማይለቅ አሠራር ላይ ተቀምጧል ወይም የሁለተኛው ታይመር ሽቦ በመጀመሪያው በኩል አላለፈም ማለት ነው።