ኮንፈርሜሽን ባያስ ምንድን ነው? ያልተስማማን ሰው መስደቢያ አይደለም

«ተወው፣ ኮንፈርሜሽን ባያስ አለበት።» ይህን በየስብሰባውና በየውይይቱ መስማት ከጀመርን ቆየን። ሥነ ልቦና የማስተምር ሰው ነኝና ቃሉ ከክፍል ወጥቶ ሰው አፍ መግባቱ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላስደሰተኝም። ከእኛ ጋር የተስማማው «አስተዋይ»፣ ያልተስማማው «ባያስድ» (ሚዛኑ ያዘነበለ) እየተባለ ነው። በቅርቡ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ የምሥራቅ ጎጃምን ገበሬ በሙሉ በዚህ ቃል ጠቀለለው። ጤፍ በመስመር መዝራትን ያልተቀበለው ባያስ ስላለበት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ማስረጃ ብትከምርለትም አይለወጥም አለ። ሁለቱም ልክ አይደለም።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። አስቀድመን ያመንነውን የሚደግፍ መረጃ እንፈልጋለን፤ ስናገኘውም ብዙ ሳናጣራ እንቀበላለን። የሚቃረነውን ግን እንከን እየፈለግን እንጥላለን። ውሸት አይደለም፣ ክፋትም አይደለም። ሰውየው ራሱ አይታወቀውም።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለ29 ተማሪዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮች ሰጠ። «ቁጥሮቹ የተሠሩበትን ሕግ ድረሱበት፤ የራሳችሁን ሦስት ሦስት ቁጥር ስታመጡ ይስማማል ወይም አይስማማም እላችኋለሁ» አላቸው። ብዙዎቹ በሁለት በሁለት የሚጨምር ነው ብለው ገመቱና 8፣ 10፣ 12 ዓይነቱን እየደጋገሙ ሞከሩ። መልሱም «ይስማማል» ነበር። ሕጉ ግን ከትንሽ ወደ ትልቅ መሄድ ብቻ ነው። 1፣ 2፣ 17 ብሎ የሞከረ ሰው ግምቱ እንደማያስኬድ ወዲያው ያውቅ ነበር። አንድም ጊዜ ሳይሳሳቱ ሕጉን የተናገሩት 6 ብቻ ናቸው። ልብ በሉ፤ ተማሪዎቹ ለቁጥር የሚወግኑበት ምንም ምክንያት አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። ክሌይማን እና ሃ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1987 እንዳሳዩት፣ ግምትን በሚደግፈው በኩል መሞከር በብዙ የኑሮ ጉዳይ የሚያዋጣ መንገድ ነው። ሁልጊዜ እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

አሁን ወደ ጤፉ። ፍሬው ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ለጎጃም ሰው አልነግርም። በብተና አንድ ሰው ቶሎ የሚጨርሰውን ማሳ በመስመር ለመዝራት መስመር የሚያወጣ፣ ዘሩን የሚያንጠባጥብ፣ አፈር የሚመልስ ሰው ይፈለጋል። ያውም በሐምሌ ጭቃ፣ ሁሉም በሥራ በተወጠረበት ሰሞን። «ምርቱስ ይጨምር ይሆናል፤ ጉልበቱን ከየት ላምጣ?» ያለ ገበሬ ማስረጃውን አልገፋም። አንተ ያልቆጠርከውን ወጪ ቆጥሯል።

ባያስድ ነው ለማለት ሌላ ነገር ማሳየት አለብህ። በ1979 ስታንፎርድ ውስጥ የሞት ቅጣትን የሚደግፉና የሚቃወሙ 48 ተማሪዎች ሁለት ጥናት እንዲያነቡ ተደረገ፤ አንዱ ቅጣቱ ወንጀልን ይቀንሳል የሚል፣ ሌላው አይቀንስም የሚል። ለአንዱ ተማሪ ይቀንሳል ከሚለው ውጤት ጋር የቀረበው የጥናት ዘዴ ለሌላው አይቀንስም ከሚለው ጋር ይቀርብ ነበር። ያው ዘዴ ውጤቱ ሲስማማቸው ተመሰገነ፣ ሳይስማማቸው ተነቀፈ። ባያስ የሚባለው ይሄ ነው። አለመስማማት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

«አይለወጥም» የሚለውስ? በ2010 ናይሃን እና ራይፍለር የተባሉ ተመራማሪዎች የተሳሳተ እምነት ያለውን ሰው ስታርመው አንዳንዴ ጭራሽ እንደሚብስበት ጻፉ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ውድ እና ፖርተር የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት ከ10,000 በላይ ሰዎችን በ52 ጉዳዮች ላይ ሲፈትሹ ግን ነገሩ እንደተወራው አልተገኘም። ሰው ባመዛኙ ወደ ማስረጃው ጠጋ ይላል። ጠጋ ይላል እንጂ ዘሎ አይሻገርም። አንድን እውነታ ተቀበለ ማለት ደግሞ ጠቅላላ አቋሙን ቀየረ ማለት አይደለም።

ባንጃ ወይም ጎዛምን ላይ አሲዳማ መሬት ያለው ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ኖራ ስለበተንክ አፈሩ በማግስቱ አይድንም። ሸክላና ብስባሽ የበዛበት አፈር አሲዱን ይዞ ያቆያል። ኖራው አንዱን ሲያጠፋ ከተያዘው እየወጣ ይተካል። ስለዚህ ሁለት ማሳ ሲለካ እኩል ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) አሳይቶ አንዱ ከሌላው በጣም የበዛ ኖራ ሊፈልግ ይችላል። ሰውም እንደዚያው ነው። ሁለት ሰዎች እኩል «አላምንም» ይሉሃል። የአንዱ አላምንም ትናንት ከሰማው ወሬ የመጣ ነው። የሌላው ግን ከሚያምነው ዘመድ፣ ከደረሰበት ኪሳራ፣ ባለፈው «ባለሙያ ነኝ» ብሎ ካሳሳተው ሰው ጋር የተሳሰረ ነው። አንዱን ክርክር ስትረታው ከሥር ሌላው ይመጣል። ግትር ስለሆነ ሳይሆን ምክንያቱ ብዙ ስለሆነ ነው። ኖራም ላይ ላዩን ተበትኖ መቅረት የለበትም፤ ታርሶ ከአፈሩ መቀላቀል፣ እርጥበትና ጊዜ ማግኘት አለበት። በትኖ በሳምንቱ ለክቶ «አይሠራም» የሚል የአፈር ባለሙያ አላየሁም። በአንድ ሥልጠና ማግስት «ገበሬው አልተለወጠም» የሚል ግን ሞልቷል። ንጽጽሩ የማያስኬድበት ቦታም አለ። አሲድ ሰብል ይጎዳል፤ የሰው የቀደመ እምነት ግን ልክ ሊሆን ይችላል። አፈር ደግሞ ኖራውን አይመርጥም፤ ሰው የሚሰማውን ይመርጣል።

ራያን እና ግሮስ በ1943 ያወጡት ጥናት አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ 259 ገበሬዎች የተዳቀለ የበቆሎ ዘር እንዴት እንደተቀበሉ ይተርካል። ከሁለቱ በቀር ሁሉም ዘሩን የጀመሩት ከ1928 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። ወሬውን ብዙዎቹ ከዘር ሻጭ ሰሙ፤ ያሳመናቸው ግን ከማንም ይልቅ ጎረቤት ነው። የሰማም ወዲያው አልዘራም፤ የዘራም በመጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ መሬት ላይ ሞከረ። መረጃ የሚሰበሰብበት ቅጽ ላይ «ተቀብሏል» እና «አልተቀበለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ካሉ ይህ ሞካሪ ሰው የት ይግባ? መረጃ የምትሰበስቡ ሰዎች «አመንክበት ወይ?» ከማለት «አምና ስንት ጥማድ ዘራህ፣ ዘንድሮስ?» ብላችሁ ጠይቁት።