የጋዝ ውሃ ማሞቂያ የጭስ ማውጫና የአየር አቅርቦት በጅማ

የጋዝ ውሃ ማሞቂያ በሲሊንደር በሚሸጥ ቡታ ጋዝ የሚሠራና በቧንቧ የሚያልፈውን ውሃ በነበልባል የሚያሞቅ ዕቃ ነው። «ጋዝ» ሲባል ላምባ የሚታሰበው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ እዚህ የሚነገረው ስለ ሲሊንደሩ ብቻ መሆኑ ይያዝ። በጅማ ይበልጥ የተለመደው የኤሌክትሪክ ቦይለር ነው። ቦይለሩ መስመርና ውሃ ካገኘ ይበቃዋል። የጋዙ ግን የሚገባ አየርና የሚወጣ ጭስ ይፈልጋል፤ ቦይለር መስቀል በለመደ እጅ ሲገጠም የሚረሱትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ዕቃው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1868 ለንደን ውስጥ ቤንጃሚን ዋዲ ሞን በሠራው ማሞቂያ ሲሆን፣ እሱም ጭስ ማውጫ አልነበረውም።

አየር

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታም የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ያህል ነው፤ የሚለየው አየሩ መሳሳቱ ነው። ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያንኑ ጋዝ በሚገባ ለማቃጠል የበለጠ አየር መግባት አለበት። በአሜሪካ የተለመደው ስሌት ቦታው ከ600 ሜትር በላይ ከሆነ፣ ከባሕር ጠለል ጀምሮ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከማሞቂያው ኃይል 4 በመቶ መቀነስ ነው። በዚህ ስሌት ለጅማ ወደ 23 በመቶ ይደርሳል። ሁሉም አምራች በዚህ ቁጥር ላይስማማ ይችላል፤ ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን መከተል ይሻላል።

ከሕርማታ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ የለካሁት መታጠቢያ ቤት ርዝመቱ 2፣ ስፋቱ 1.5፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ነው። 7.5 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል። በደቂቃ 6 ሊትር የሚያሞቅ ዕቃ ወደ 12 ኪሎ ዋት ይፈጃል። ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 1 ሜትር ኪዩብ አየር ያስፈልጋል፤ በእኛ ስስ አየር 1.2 ያህል ይሆናል። ሰው ሩብ ሰዓት ሲታጠብ የክፍሉ አየር ግማሽ ያህሉ በነበልባሉ አልፏል ማለት ነው። የዚያ ቤት በር ደግሞ ብርድ እንዳያስገባ ከሥሩ በጨርቅ ተወትፏል፤ መስኮቱም በዝናቡ ወራት አይከፈትም። ለዚህ ዓይነት ማሞቂያ በተለምዶ የሚጠየቀው ክፍል 58 ሜትር ኪዩብ ነው፤ አንድ ሰፊ ሳሎን ማለት ነው።

አየሩ ሲያንስ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ይቀርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ከደም ጋር ይያያዛል። ከሰል ሲቀላ ወደ ቤት ይግባ የሚለው ልማድም ጭሱን እንጂ ይህን ጋዝ አያስቀርም።

መፍትሔው ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት የማይዘጉ ቀዳዳዎች ናቸው፤ አንዱ ከጣሪያው በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ ሌላው ከወለሉ በዚያው ርቀት። ለ12 ኪሎ ዋት እያንዳንዳቸው 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ጥርት ያለ ክፍት ቢኖራቸው ይበቃል። የትንኝ ወንፊት ከተደረገባቸው ግን ሰፋ መደረግ አለባቸው፤ አቧራውም በየጊዜው ይጠረግ። የታችኛው ቀዳዳ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ መሬት ለመሬት ይተኛል።

ጭስ ማውጫ

ቧንቧው ከማሞቂያው አናት ቀጥ ብሎ ቢወጣ ጥሩ ነው። ወደ ጎን መሄድ ካለበት በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ ይውጣ። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ይሆናል፤ ፒቪሲ በሙቀቱ ስለሚለሰልስ ፈጽሞ አይሆንም። ባለ አንድ ግድግዳው የላሜራ ቧንቧ ከእንጨትና ከኮርኒስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ጭቃ ቤት ላይ ይህ በተለይ ይረሳል። ጫፉ ከጣሪያው በላይ ወጥቶ ዝናብ የሚከላከል ኮፍያ ይደረግበታል።

ጭሱ ውሃም አለበት። በቡታ ጋዝ ውስጥ ያለው ፕሮፔን ሲቃጠል ከእያንዳንዱ ኪሎ ወደ 1.6 ሊትር ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፤ 12 ኪሎ ጋዝ ሲያልቅ አንድ ጀሪካን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ቀዝቃዛና ረጅም ቧንቧ ውስጥ ይህ እንፋሎት ወደ ውሃ ይመለስና ላሜራውን ያዝገዋል፤ መጋጠሚያው ላይ የሚታየው ቡናማ ጠብታ ከዚህ ነው።

ጭስ ማውጫ የሌላቸው ትንንሽ ማሞቂያዎች ለእጅ መታጠቢያ ይበቃሉ የሚሉ አሉ። መስኮቱ ክፍት ከሆነና ለአጭር ጊዜ ከሆነ ሊያስኬድ ይችል ይሆናል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን አይገጠሙም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለውም።

በረንዳ

ለጅማ ከሁሉ የሚስማማው ማሞቂያውንም ሲሊንደሩንም ከክፍሉ አውጥቶ በረንዳ ላይ ማድረግ ነው። የከተማዋ ሰው በረንዳን ከጥንት ያውቃል፤ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእንጨት የተሠራ ሰፊ በረንዳ አለው። ዕቃው ለውጭ የተሠራ ሞዴል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ነፋስ ነበልባሉን ያጠፋዋል። ጭሱ የሚወጣበት ጫፍም ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 1.2 ሜትር ይራቅ። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መጋጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሻል።

ምልክትና ፍተሻ

ጤነኛ ነበልባል ሰማያዊ ነው፤ ቢጫ ከሆነና ዕቃው ላይ ጥላሸት ካለ ማሞቂያው ይዘጋ። በመመረዝ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል። በእኛ አገር ይህ ቶሎ ወባ ወይም ታይፎይድ ይባላል። ነገር ግን ትኩሳት የለውም፤ የቤቱን ሰው በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ውጭ ሲወጡም ይቀላል። ሰውየው ወዲያው ወደ ነፋስ ይወሰድ፤ ማሞቂያው ተዘግቶ ሐኪም ቤት ይደረስ፤ የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። ወተት ማጠጣት አያድነውም።

የጭስ ማውጫውን ስበት ለማወቅ ዕጣን ይበቃል። በርና መስኮት ተዘግቶ ማሞቂያው 5 ደቂቃ ከነደደ በኋላ የሚጨስ ዕጣን ከቧንቧው ሥር ካለው ክፍት አፍ ይጠጋል። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ ክፍሉ ከተመለሰ ቧንቧው ተዘግቷል ወይም ክፍሉ አየር አጥሮታል፤ መጀመሪያ የሚታየው ኮፍያው ነው፤ ወፍ ጎጆ የምትሠራው እዚያ ነውና።