«ብር ያለው ነው የሚያሸንፈው» እና ሌሎች ስለ አሜሪካ ቅድመ ምርጫ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ካምፓላ የተወለደው የ33 ዓመቱ ዞህራን ማምዳኒ የቀድሞውን አገረ ገዥ አንድሪው ኩሞን ረትቶ የኒውዮርክ ዲሞክራቶች የከንቲባ ዕጩ የሆነ ሰሞን (ሰኔ 2025፣ ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) እኛ ድሬ ከዚራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ሌላ ወሬ አልነበረንም። ብዙዎቻችን አሜሪካ ዘመድ ስላለን ወሬው ቶሎ ይደርሰናል። የሚደርሰን ግን ተጣሞ ነው። ይሄ ያንገበግበኛል፤ ጀርባ የሌለው ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያሸንፍ ማወቅ ለማንኛውም ሰፈር ይጠቅማልና።

«የግል ዕጩ ማለት አይደል?» ይሉኛል። አይደለም። እኛ አገር ዕጩውን መርጦ የሚያቀርበው ፓርቲው ራሱ ነው፤ ፓርቲ የሌለው በግሉ ይወዳደራል። ዶ/ር ነጋሶ ጊዳዳ በ2005 ከደምቢ ዶሎ ፓርላማ የገቡት እንደዚያ ነው። ቅድመ ምርጫ፣ እነሱ ፕራይመሪ የሚሉት፣ ሌላ ነገር ነው። የፓርቲው ዕጩ ማን ይሁን የሚለውን መራጩ ድምፅ ሰጥቶ ይወስናል። ስለዚህ የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች ያልፈለጉት ሰው እዚያው ፓርቲ ውስጥ ሆኖ ሊገጥማቸው ይችላል።

«ብር ነው ያስመረጠው፤ ያውም ከውጭ የገባ ብር።» ይሄን የማልሰማበት ቀን የለም። የአሜሪካ ሕግ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው ሰው ለምርጫ እንዳያዋጣ ይከለክላል፤ እኔ ከድሬ አንድ ዶላር መላክ አልችልም። የኒውዮርክ ከተማ ደግሞ አንድ ነዋሪ ለከንቲባ ዕጩ ካዋጣው እስከ 250 ዶላር ላለው በስምንት እጥፍ ከመንግሥት ካዝና ይጨምርበታል። 10 ዶላር ያዋጣ ሰው ዕጩው እጅ 90 ዶላር አደረሰ ማለት ነው። ማምዳኒ መጋቢት 2025 ላይ የተፈቀደለት ጣሪያ፣ ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር፣ ሲሞላለት ደጋፊዎቹን ብር መላክ አቁሙ አላቸው። ኩሞን የደገፈው ቡድን ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ አልሆነለትም። ብር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ለወረቀቱም ለቢሮውም ለስልኩም ያስፈልጋል። በር ግን አያንኳኳም።

«ታዲያ በቲክቶክ ነዋ አቦ!» ቪዲዮው ስሙን ያስለምዳል፤ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ያየሁት ግን በአክስቴ ልጅ ነው። ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ትኖራለች፤ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት ስለሌላት አትመርጥም፤ ያለ ክፍያ መቀስቀስ ግን ሕጉ ይፈቅድላታል። ከሥራ መልስ፣ እዚያው ለሚወዳደር ዕጩ ብላ፣ ስልኳ ላይ የመራጮች ስም ዝርዝር ይዛ ፎቅ ለፎቅ ትዞራለች። አብዛኛው በር አይከፈትም። አንድ ቀን ደውላ እየሳቀች ያወራችኝን አልረሳውም። አራተኛው በር ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ከፈቱላት። ኮሪደሩ ድረስ የዕጣኑ ሽታ ድሬ መገላ ሰፈር የገባች አስመሰላት። ሴትዮዋ ስለ ዕጩው ከመጠየቃቸው በፊት «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። «የድሬ ልጅ ነኝ» ስትል እጇን ይዘው አስገቧት፤ ሻሂ ቀረበ። አስተባባሪዎቹ በአንድ በር ከሦስት ደቂቃ በላይ አትቁሙ ይላሉ፤ እሷ ግማሽ ሰዓት ቆየች። ስትወጣ የሴትዮዋንና የአራት ልጆቻቸውን ስም መዝግባ፣ ለምርጫው ቀን መኪና ይዛላቸው ነበር። አምስት ድምፅ በአንድ ሻሂ!

አምስት ድምፅ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ሌላው ስህተታችን እዚህ ጋ ነው። «ሕዝቡ ነቅሎ ወጥቶ መረጠው» እንላለን። በ2018 ኒውዮርክ ላይ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ ለኮንግረስ፣ ማለትም ለአገሪቱ ምክር ቤት፣ አሥር ጊዜ የተመረጠውን ጆ ክራውሊን በቅድመ ምርጫ ስታሸንፍ፣ 700 ሺህ ገደማ ሕዝብ በሚኖርበት የምርጫ ክልል የተሰጠው ድምፅ በጠቅላላ 30 ሺህ አልሞላም። የአክስቴ ልጅ በምትዞርበት ሴዳር ሪቨርሳይድ ደግሞ፣ በ2016 ኢልሃን ኦማር በሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት ለ44 ዓመት ወንበሩ ላይ የቆዩትን ፊሊስ ካንን ያሸነፈችው 2,400 ገደማ ድምፅ ብቻ አግኝታ ነው። ወደ ቅድመ ምርጫ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱን በስሙ የሚያውቅ ያሸንፋል።

«ማንም ገብቶ ይመርጣል» የሚለው እንደ ግዛቱ ነው። ሚኒሶታ ላይ የፓርቲ ምዝገባ የለም። ኒውዮርክ ግን አስቀድሞ በፓርቲው ያልተመዘገበ አይመርጥም፤ በ2016 የትራምፕ ልጆች ኢቫንካና ኤሪክ ቀኑ አልፎባቸው የገዛ አባታቸውን መምረጥ አልቻሉም።

ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ሁሉ ወንበሩን ያዘ ማለትም አይደለም። ማምዳኒ ኩሞን ኅዳር ላይ እንደገና ማሸነፍ ነበረበት፤ ኩሞ በግሉ ቀርቦ ነበርና። እዚያው ኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ በምትባል ከተማ የሆነው ከዚህ ይከፋል። ኢንዲያ ዋልተን በ2021 ከንቲባውን ባይረን ብራውንን በቅድመ ምርጫ ካሸነፈች በኋላ፣ ሰውዬው መራጮች ስሙን በእጃቸው እየጻፉለት በዋናው ምርጫ ወንበሩን መልሶ ወሰደ።

የመጨረሻው፣ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ፣ «አንዴ ከተሸነፈ አበቃለት» የሚለው ነው። መሐሙድ ኑር የሚባል ሶማሌ በ2014 እኚያኑ ፊሊስ ካንን ገጥሞ ተሸነፈ። በ2016 ደግሞ በኢልሃን ተሸነፈ። በ2018 ኢልሃን ወደ ኮንግረስ ስታልፍ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ በር አንኳኳ፤ ወንበሩም የሱ ሆነ።