አልፈታ ያለ ብሎን፦ በትንንሽ ሞተሮች ላይ የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በመስኖ ውሃ ፓምፕና በጄነሬተር ላይ የምናየው ትንሽ የቤንዚን ሞተር፣ ሆንዳ ጂኤክስ160ም ይሁን የእሱ ቅጂ የሆነው 168ኤፍ፣ አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኖቹ ግን ብረት ናቸው። ብሎን በጥቂት ብር ይተካል። የአሉሚኒየሙ ቀዳዳ ከተበላሸ ግን የሚጠፋው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ወይም የሞተሩ አካል ነው። ስለዚህ ከታች ከሚዘረዘሩት ሥራዎች ሁሉ በፊት አንድ ነገር ይወሰን፦ የሚድነው ቀዳዳው ነው፣ ብሎኑ ቢሞት ይሙት።

«ብሎኑ ተበላ» ሲባልም የሚነገረው ስለ ሦስት የተለያዩ ጉዳቶች ነው። ጠርዙ ተልጦ ራሱ ክብ የሆነ አለ፤ አንገቱ ተቆርጦ ግንዱ ውስጥ የቀረ አለ፤ እየዞረ የማይወጣ፣ ማለትም የቀዳዳው ጥርስ የተበላበት አለ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

«ቧንቧ ተቀጥሎበት የማይፈታ ብሎን የለም»

ይፈታል ወይም ይቆረጣል፤ በትንሽ ብሎን ላይ የሚበዛው መቆረጡ ነው። በ10 ቁልፍ የሚፈታው ባለ 6 ሚሊ ብሎን የሚጠብቀው በ10 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዣ ኃይል መለኪያ) ገደማ ነው። ቁልፉን ከብሎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዞ 10 ኪሎ ያህል መሳብ ማለት ነው። እጀታው በቧንቧ 50 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 2 ኪሎ ብቻ ይበቃል፤ እጅ ሳይሰማው ልኩ ይታለፋል።

አጭር ቁልፍ ያዙ። መጀመሪያ ትንሽ ወደማጥበቂያው ግፉት፣ ዝገቱ «ቀጭ» ብሎ ሲሰነጠቅ ወደ መፍቻው መልሱት። ሩብ ዙር ፈትታችሁ ሲከብድ ግማሹን መልሱ፣ ዘይት ጨምሩ፣ ደግማችሁ ሞክሩ። ሊቆረጥ ያለ ብሎን ይናገራል፦ ቁልፉ ይዞራል፣ የብሎኑ ራስ ግን ከመቀመጫው አይነሳም፣ እጃችሁም ላይ እንደ ላስቲክ ይለመጣል። ያን ጊዜ እጃችሁን አንሱና ወደ ሙቀት እለፉ።

ራሱ መላጥ ለጀመረ ብሎን ባለ 12 ጥርስ ቡሶላ (የብሎኑን ራስ ዙሪያውን የሚያቅፍ ቁልፍ) አትጠቀሙ፤ የሚይዘው ጫፉን ብቻ ስለሆነ ይጨርሰዋል። ባለ 6 ማዕዘኑ ጎኑን ይይዛል። እሱም ካንሸራተተ የ3/8 ኢንች ቡሶላ በመዶሻ አስገቡበት። ስፋቱ 9.5 ሚሊ ስለሆነ በተላጠው የ10 ራስ ላይ ነክሶ ይቀመጣል። የመዶሻው ምት ራሱ ዝገቱን ያናጋል።

«ዘይት ነፋ አድርጎ ወዲያው መፍታት ነው»

ዘይቱ ከጥርሱ መካከል የሚገባበት ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ማታ ቀብቶ፣ በትንሽ መዶሻ የብሎኑን ራስ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ቀስ ብሎ መትቶ ማሳደር፣ ጠዋት መድገም። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው የሚነፋ ዘይት በመጀመሪያ የተሠራው እርጥበትን ለማባረር ነው፤ ይረዳል እንጂ ለዚህ ሥራ የበረታ አይደለም። አውቶማቲክ የካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቢደባለቅ ጥሩ ሰርጎ ገቢ ዘይት ይሆናል። ሁለቱ ስለሚለያዩ በየጊዜው ይናጥ፤ እሳት አጠገብ ግን ፈጽሞ አይድረስ።

«ብሎኑ ቀይ እስኪሆን ማሞቅ»

በአሉሚኒየም ውስጥ ላለ ብሎን ይህ አደገኛ ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት እጥፍ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የሚሞቀው በብሎኑ ዙሪያ ያለው አካል ነው፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑን እንዲለቅ። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የሞተር ቅይጥ ደግሞ ከዚያ በታች መቅለጥ ይጀምራል፤ እንደ ብረት ቀልቶም አያስጠነቅቅም። ጠብታ ውሃ «ጭስ» ብሎ ወዲያው ከተነነ ይበቃል። ቀድማችሁ የቤንዚን ታንኩንና ካርቡራቶሩን አውርዱ፣ የተቀባውን ዘይት ጥረጉ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጠቢያ የታጠበ ዕቃ ደግሞ ሳይደርቅ እሳት አይንካው፤ ፎስጅን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል።

«ተቆርጦ ከቀረ ማውጫ አለው»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በተበሳ ግንድ ውስጥ የሚገባው፣ ወደ ግራ የተጠመዘዘው የብሎን ማውጫ በጣም ጠንካራ፣ በዚያው ልክ ተሰባሪ ብረት ነው። ሙሉ ራስ እያለው ያልተፈታ ብሎን ውስጡ በገባ ቀጭን ማውጫ ይፈታል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ሾጣጣው ማውጫ ሲጠብቅ ደግሞ የተበሳውን ግንድ ወደ ውጭ ያሰፋና ከቀዳዳው ጋር የባሰ ያጣብቀዋል። ውስጥ ከተሰበረ ተራ የመሰርሰሪያ ጫፍ አይበላውም።

ግንዱ ከወጣ ወይም ከፊቱ እኩል ከሆነ ብየዳ ይሻላል። «ብየዳ አሉሚኒየሙን ያቀልጣል» ተብሎ ይፈራል፤ ነገር ግን የብረት ብየዳ አሉሚኒየም ላይ አይያዝም፣ በአጭር በአጭር ከተሠራም አካሉን አይጎዳም። ለ6 ሚሊ ግንድ ባለ 8 ሚሊ ዳዶ ላዩ ላይ አስቀምጡ፣ ከመካከል ጀምራችሁ ሙሉት፣ ቅላቱ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ከዚያ በቁልፍ ወዲያ ወዲህ እያወዛወዛችሁ አውጡት። የብየዳው መሬት የሚይዘው ሽቦ እዚያው ሞተሩ አካል ላይ፣ ለብሎኑ ቅርብ ይታሰር፤ ርቆ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ ይጎዳዋል።

ግንዱ ጠልቆ ከቀረ መብሳት ነው፦ ፊቱን በሞረድ አስተካክሉ፣ መካከሉን በሹል ብረት ምልክት ምቱ፣ በ3 ሚሊ ጀምሩ፣ ቀስ ባለ ፍጥነትና በዘይት። ወደ ግራ የሚቆርጥ የመሰርሰሪያ ጫፍ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ብሎኑን ራሱ ይዞት ይወጣል። እስከ 5 ሚሊ ካሰፋችሁ በኋላ የሚቀረው ቀጭን የጥርስ ጥቅል በሹል ብረት ይላቀቃል። ምልክቱ ከመካከል 1 ሚሊ ከሳተ ግን ጫፉ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም ይሸሻል፤ ስለዚህ ከመብሳቱ ይልቅ ምልክቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

«ጥርሱ ከተበላ ወፍራም ብሎን አስገድዶ ማስገባት»

ለጊዜው ይይዛል፤ በኋላ ግን በንዝረት ይለቃል፣ ወይም የቀዳዳውን ግድግዳ ይሰነጥቃል። ሙጫም ሆነ የመዳብ ሽቦ መጠቅጠቅ ከዚህ አይሻልም። ትክክለኛው ሄሊኮይል የሚባለው የሽቦ ጥርስ ነው። ለ6 ሚሊ ብሎን ቀዳዳው ወደ 6.3 ሚሊ ይሰፋል፣ በራሱ የጥርስ ማውጫ ጥርስ ይወጣለታል፣ ሽቦው ከፊቱ ግማሽ ዙር ዝቅ ብሎ ይገባል፣ ሽቦው ሲገባ የሚያዝበት ምላሱም ተሰብሮ ይወጣል። ሽቦው አሉሚኒየሙን የሚይዝበት ስፋት ከበፊቱ ስለሚበልጥ አብዛኛውን ጊዜ ከነበረው ጥርስ ይበረታል።

«የኮከብ ካቻቢቴ ሁሉ አንድ ነው»

በጃፓን ሞተሮች ላይ ያለው የኮከብ ብሎን የጃፓን ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ አለው። ተራው ካቻቢቴ ሲከብደው ወደ ውጭ ይንሸራተትና ኮከቡን ይልጠዋል። ልኩን ፈልጉ፣ ወይም በመዶሻ ሲመታ የሚዞረውን ካቻቢቴ ተጠቀሙ።

«ሲገጠም ደረቅ ይሁን»

ማርሚታው ላይ ያሉት ዳዶዎች መጀመሪያ የሚነክሱት በሙቀት ነው፤ እዚያ የመዳብ ቅባት ቀቡ። የተቀባ ጥርስ ግን በቀላሉ ስለሚዞር በዚያው ኃይል ከመጠን በላይ ይጠብቃል፤ ከተጻፈው ልክ ከ20 እስከ 25 በመቶ ቀንሱ። የጂኤክስ160 የቴስታታ ብሎኖች ልክ 24 ኒውተን ሜትር ነው፤ እነሱን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ሦስት ዙር አጥብቁ።